የጠረጴዛው ኮምፒዩተር መሐንዲስ፤ የዶን ኤስትሪጅ የሕይወት ታሪክ

ኤዲሰን ምን እንደ ሠሩ፣ ማርኮኒ በምን እንደ ታወቁ ያልተማረ ተማሪ የለም። በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከጧት እስከ ማታ የምንጽፍበት ኮምፒዩተር ከማን እጅ እንደ ወጣ ቢጠየቅ ግን፣ የሚበዛው ሰው የቢል ጌትስን ወይም የስቲቭ ጆብስን ስም ይጠራል እንጂ የፊሊፕ ዶናልድ ኤስትሪጅን ስም የሚያነሣ ጥቂት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ከዩኒቨርሲቲ እስክወጣ ድረስ ስማቸውን አላውቅም ነበር።

ለመፈለግ ምክንያት የሆነኝ አንድ አሮጌ ሣጥን ነው። ኮምፒዩተር በመጠገን የሚተዳደር ወዳጄ በ1983 ለገበያ የቀረበውን የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር ሲያድስ አጠገቡ ቆሜ እመለከት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ወዳጄ የብረቱን ክዳን ወደ ፊት ስቦ አወጣና፣ በሣጥኑ ወለል ላይ የተነጠፈውን ዋናውን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርድ የሚባለውን፣ በካቻቢቴ ፈትቶ አነሣው። በቦታውም ከዐሥር ዓመት በኋላ ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ሰሌዳ አስቀመጠ። ብሎኖቹ ቀዳዳቸውን አገኙ፤ ካርዶቹም በሣጥኑ ጀርባ ባሉት ክፍት ቦታዎች ልክ ገቡ። የአንድ ኩባንያ ሣጥን የባዕድ ፋብሪካ ሰሌዳ እንዴት አድርጎ እንደ ለካው ሰው ተቀበለ? የዚህን ጥያቄ መልስ ስከታተል ነው ከሚስተር ኤስትሪጅ ታሪክ ላይ የደረስሁት።

ሚስተር ኤስትሪጅ ጁን 23 ቀን 1937 በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት በጃክሰንቪል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በፎቶግራፍ ማንሣት ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው በተወለዱበት ከተማ በ1955 ፈጽመው፣ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና አጠኑ፤ በ1959 ተመረቁ። ከመመረቃቸው አንድ ዓመት ቀደም ብለው ሜሪ አን ሄሊየር የተባሉትን ወይዘሮ አግብተው ነበር። ከጋብቻውም አራት ሴቶች ልጆች ተወልደዋል።

በተመረቁበት ዓመት አይ.ቢ.ኤም. በሚባለው ታላቅ ኩባንያ ተቀጠሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው የአሜሪካንን ሰማይ ከጠላት አይሮፕላን ለመጠበቅ ከራዳር የሚመጣውን ወሬ በኮምፒዩተር የማቀናበር ሥራ ነበር። ቀጥሎም ኩባንያው ለጠፈር ምርምር ድርጅት በጎዳርድ ማዕከል ያከናውን ከነበረው ሥራ ተመደቡ፤ በ1969 ወደ ትውልድ ግዛታቸው ተመልሰው በቦካ ራቶን ከተማ ባለው የኩባንያው ቅርንጫፍ ሥራ ጀመሩ። በዚያም ተከታታይ አንድ የተባለውን አነስተኛ ኮምፒዩተር በማዘጋጀት ተካፈሉ። እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪካቸው የብዙ መቶ መሐንዲሶች ታሪክ ነው። አርባ ሦስት ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ ከኩባንያው ውጭ የሚያውቃቸው አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህን የምጽፈው ገና በሃያ አምስት ዓመቱ ዕድሉ ያለፈው ለሚመስለው ለእኔና ለጓደኞቼ ጭምር ነው።

ቀጥሎ የመጣውን ነገር ለመረዳት አይ.ቢ.ኤም. በዚያን ዘመን ምን ዐይነት ቤት እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ኩባንያው ግዙፍ የሆኑትን ኮምፒዩተሮች ለመንግሥታት፣ ለባንኮችና ለትልልቅ ድርጅቶች ያከራይና ይሸጥ ነበር። መኪናው የራሱ ክፍል፣ የራሱ ማቀዝቀዣ፣ የራሱ ሠራተኞች ነበሩት። ሲበላሽ የሚከፍተው ኩባንያው የላከው ባለ ከረቫት ባለሙያ ነው እንጂ ባለቤቱ አልነበረም። እያንዳንዱን ቁራጭ ከትልቁ እስከ ትንሹ ኩባንያው ራሱ ይሠራዋል፤ አሠራሩንም በምስጢር ይጠብቀዋል። አንድ አዲስ መኪና ከሐሳብ ተነሥቶ ገበያ እስኪደርስ በየኮሚቴው ሲዞር ዓመታት ይፈጃል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንባቢ ይህን ያለ ብዙ ማብራሪያ የሚረዳው ይመስለኛል።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ከ1977 ጀምሮ አፕልን የመሳሰሉ ትንንሽ ኩባንያዎች በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ኮምፒዩተሮች ለግለሰብ መሸጥ ጀመሩ። ሚስተር ኤስትሪጅም ራሳቸው ለቤታቸው አፕል ሁለት የተባለውን ገዝተው ይሠሩበት ነበር። አንድ የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ በቤቱ የተፎካካሪ መኪና ማስቀመጡ ለአንዳንዱ ነውር ሊመስለው ይችላል፤ የኋላ ሥራቸው ሁሉ የተጀመረው ግን ከዚያ ይመስለኛል። የአፕል ሁለት ክዳን ያለ ምንም መሣሪያ በእጅ ይነሣል፤ ውስጡም ባለቤቱ የፈለገውን ካርድ የሚሰካባቸው ስምንት መሰኪያዎች ተደርድረው ይታያሉ።

በ1980 በጋ የቦካ ራቶን ቅርንጫፍ ኃላፊ የነበሩት ሚስተር ዊልያም ሎው ለኩባንያው ታላላቅ ሹሞች አንድ ያልተለመደ ሐሳብ አቀረቡ። በኩባንያው ልማድ ከሄድን የግል ኮምፒዩተር መሥራት አንችልም፤ ቁራጮቹን ከውጭ ገዝተን ከተለመደው የኮሚቴ መንገድ ውጭ ብንሠራው ግን በአንድ ዓመት እናደርሰዋለን የሚል ነበር። ሊቀ መንበሩ ሚስተር ፍራንክ ኬሪ ሐሳቡን ደገፉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚስተር ሎው በሹመት ወደ ሌላ ግዛት ስለ ተዛወሩ፣ ሥራው በሚስተር ኤስትሪጅ እጅ ወደቀ። ከበላይ የተሰጣቸው ትእዛዝ አንድ ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ መኪናው መሸጥ አለበት።

አንድ ዓመት! ከዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ያስብ። በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ ፕሮሰሰር ፈጥሮ፣ አዲስ ዲስክ ማንበቢያ ሠርቶ፣ አዲስ ማተሚያ አውጥቶ ማድረስ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ሚስተር ኤስትሪጅና ጥቂት መሐንዲሶቻቸው ገበያ ወጡ። ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ የዲስክ ማንበቢያውን ከታንደን፣ ማተሚያውን ከኤፕሰን፣ ሶፍትዌሩን ያን ጊዜ ገና ትንሽ ከነበረው ከማይክሮሶፍት ገዙ። ኩባንያው የሠራቸውን እንኳ ሌላ ቦታ ከተሠራ ነገር ወሰዱ። ዳታማስተር ለተባለ ሌላ የኩባንያው መኪና የተዘጋጀውን የቁልፍ ሰሌዳና የካርድ መሰኪያ አሠራር ሳያፍሩ ተጠቀሙበት።

የዚህ ሁሉ መገናኛ ዋናው ሰሌዳ ነበር። ከዋነኞቹ ነዳፊዎች አንዱ ሌዊስ ኤገብሬክት የሚባሉ መሐንዲስ ናቸው፤ ባዮስ የሚባለውን፣ መኪናው ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነቃውን ትእዛዝ የጻፉት ደግሞ ዴቪድ ብራድሊ ነበሩ። በሰሌዳው ላይ ኢንቴል 8088 የሚባለው ፕሮሰሰር ተቀመጠ። ይህ ቺፕ በውስጡ በአሥራ ስድስት ቢት እያሰበ ከውጭ ጋር የሚነጋገረው ግን በስምንት ቢት ስለሆነ፣ ርካሽ ከሆኑት የስምንት ቢት ረዳት ቺፖች ጋር ሊሠራ ቻለ። ፍጥነቱ 4.77 ሜጋኸርዝ ነበር። ይህን እንግዳ ቍጥር ያየ ተማሪ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፤ በሰሌዳው ላይ ያለው ክሪስታል የሚመታበት 14.31818 ሜጋኸርዝ ለሦስት ተካፍሎ ነው። ያ ክሪስታል የተመረጠበትም ምክንያት፣ ለአራት ሲካፈል በአሜሪካ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን የሚሠራበትን ምልክት ስለሚሰጥ ነው። አንድ ክሪስታል ሁለት ሥራ ሠራ ማለት ነው። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ባዶ ሶኬት ተተወ፤ ባለቤቱ ገንዘብ ሲያገኝ ለሒሳብ ሥራ የሚረዳውን 8087 የተባለ ቺፕ ይሰካበት ዘንድ ነው። ከራሙም 16 ኪሎባይቱ ብቻ ተበይዶ፣ እስከ 64 ኪሎባይት ለሚጨመረው ሶኬቶች ተዘጋጁ። ከኋላ በኩል እያንዳንዳቸው 62 መገናኛ ያላቸው አምስት የካርድ መሰኪያዎች ቆሙ።

እንግዲህ ሰሌዳው ያላለቀ ነገር ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። የጎደለውን ሌላ ሰው እንዲጨምርበት ሆን ተብሎ ባዶ ቦታ የተተወለት ሰሌዳ ነበር። ሌላ ሰው እንዲጨምርበት ደግሞ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሚስተር ኤስትሪጅና ጓደኞቻቸው ለዚያ ቤት ፈጽሞ እንግዳ የሆነ ነገር አደረጉ። የሰሌዳውን ሙሉ የኤሌክትሪክ ንድፍ፣ የእያንዳንዱን መሰኪያ ሽቦ አገልግሎትና የባዮሱን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመጽሐፍ አሳትመው ለሚገዛ ሁሉ ሸጡት።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ውሳኔ እንደ ታላቅ ቸርነት አድርገው ያቀርቡታል። እኔ ግን እንዲህ አልልም። መሠረቱ ጥድፊያ ነበር፤ የጊዜው ማጠር ሌላ ምርጫ አልሰጣቸውም። የሚስተር ኤስትሪጅ ብልኅነት ያለው በጥድፊያ የተደረገውን ነገር ኋላ ፋታ ሲያገኙ አለመሻራቸው ላይ ነው። ብዙ ሹም በችግር ጊዜ የከፈተውን በር ሲደላደል ይዘጋዋል።

ኦገስት 12 ቀን 1981 በኒውዮርክ በዎልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር ለዓለም ተገለጠ። የመነሻው ዋጋ 1,565 ዶላር ነበር፤ በዚህ ዋጋ የሚገኘው ግን ያለ ቴሌቪዥን መስኮትና ያለ ዲስክ ማንበቢያ ነው። መኪናው በኩባንያው ነጋዴዎች ብቻ ሳይሆን ኮምፒዩተርላንድ በተባሉት ሱቆችና ሲርስ በሚባለው ታላቅ መደብር ቅርንጫፎች ተሸጠ፤ በማስታወቂያውም ላይ የቻርሊ ቻፕሊንን ባለ ባርሜጣና ባለ ከዘራ ምስል አወጡ። ገበያው ከታሰበው በላይ ሆነ። በ1983 ክፍሉ ራሱን የቻለ ዲቪዚዮን ሆኖ ሚስተር ኤስትሪጅ ፕሬዚዳንቱ ሲሆኑ፣ በጥቂት ሰዎች የተጀመረው ሥራ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሠራተኛ የሚያስተዳድሩበት ሆነ።

አሁን ወደ ሰሌዳው እንመለስ፤ የእኚህ ሰው ሥራ የሚታየው ከወንበራቸው ይልቅ በዚያ ላይ ነውና። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ገና ከገበያ እንደ ወጡ ባለቤቶቹ ካቻቢቴ አነሡ። የመጀመሪያው ባዮስ ከ544 ኪሎባይት በላይ ራም አያውቅም ነበር፤ በካርድ ላይ የተጻፈ ተጨማሪ ባዮስም ስለማይፈልግ ሃርድ ዲስክ ለማስነሣት አይመችም ነበር። ኦክቶበር 27 ቀን 1982 የሚል ቀን የያዘው አዲሱ ባዮስ ይህን ሁሉ አስተካከለ። ቺፑ የተቀመጠው በሶኬት ስለሆነ ባለቤቱ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን በመሰካት ብቻ መኪናውን አንድ ደረጃ ከፍ ያደርገው ነበር። የኤሌክትሪክ ኀይሉን የሚሰጠው ሣጥን 63.5 ዋት ብቻ ስለነበረ ለሃርድ ዲስክ አይበቃም፤ እሱም በበለጠው ይለወጣል። ማርች 1983 ኤክስቲ የተባለው ተከታይ መኪና 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ 130 ዋት የኀይል ሣጥንና ስምንት መሰኪያ ይዞ ወጣ። መሰኪያዎቹ ስምንት የሆኑት ቀድሞ በአንድ ኢንች የተራራቁት ወደ 0.8 ኢንች ስለ ተጠጋጉ ነው። ይህች ትንሽ ልኬት ወደ ፊት የምትጠቅመን ስለሆነች አንባቢ በልቡ ይያዛት።

በሌላ ወገን ግን የታተመው መጽሐፍ ወዳጅ ብቻ ሳይሆን ተፎካካሪም አነበበው። በ1982 በቴክሳስ የተቋቋመው ኮምፓክ የተባለ ኩባንያ የአይ.ቢ.ኤም.ን ባዮስ ጽሑፍ ሳይገለብጥ፣ ሥራውን ብቻ አጥንቶ የራሱን ጻፈና ተመሳሳይ መኪና አወጣ። ሽያጩ በመጀመሪያው ዓመት በ1983 ወደ 111 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ቀጥታ የገለበጡትን ግን አይ.ቢ.ኤም. አልማራቸውም፤ በ1984 ኢግልና ኮሮና የተባሉትን ኩባንያዎች ከሶ እንዲያቆሙ አድርጓል። ንድፉን ማሳተም ማለት መብትን መተው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

የሚስተር ኤስትሪጅ ዝና ሲሰማ የአፕል መሪ ስቲቭ ጆብስ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚቈጠር ክፍያ አቅርበው የኩባንያቸው ፕሬዚዳንት እንዲሆኑ ጠየቋቸው። ሚስተር ኤስትሪጅ እንቢ አሉ። በቤታቸው የአፕልን መኪና የወደዱት ሰው የአፕልን ወንበር አልወደዱም።

ሁሉ ነገር ግን አልተሳካላቸውም። በ1983 መጨረሻ ለቤተ ሰብ ይሆናል ተብሎ የወጣው ፒሲ ጁኒየር የተባለው መኪና ቁልፎቹ ለመጻፍ የማይመቹ ሆነው ተነቀፉ፤ ከታላቅ ወንድሙ ጋርም በሚገባ ስላልተስማማ ማርች 1985 ሥራው ቆመ። እንደ እኔ አስተያየት ይህ መኪና የወደቀው የመጀመሪያውን ጠባይ ስለካደ ነው። እንዳይሻማ ተብሎ ሆን ተብሎ እንዲያንስ ተደረገ፤ የተለመዱትንም ካርዶች አይቀበልም ነበር።

ኦገስት 1984 የወጣው ኤቲ ግን ከሁሉ የበለጠ ሥራቸው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል 80286፣ ፍጥነቱ 6 ሜጋኸርዝ ነበር። የካርድ መሰኪያውን ያዘጋጁት መሐንዲሶች፣ ከእነርሱም መካከል ወጣቱ ጥቁር አሜሪካዊ ማርክ ዲን ከባልደረባው ከዴኒስ ሞለር ጋር የሚጠቀሱ ናቸው፣ አንድ ከባድ ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር። አዲሱ ፕሮሰሰር በአሥራ ስድስት ቢት ሲነጋገር፣ ሰው የገዛቸው የስምንት ቢት ካርዶች ሁሉ ይጣሉ ወይ? መልሱ ቀላልና ያማረ ሆነ። የድሮው ባለ 62 መሰኪያ እንዳለ ቆየና፣ ከፊቱ ባለ 36 ሌላ ትንሽ መሰኪያ ተጨመረለት። አዲሱ ካርድ በሁለቱም ይሰካል፤ አሮጌው በመጀመሪያው ብቻ ይሰካና እንደ ቀድሞው ይሠራል። የትናንቱን ሳይሽሩ የነገውን መጨመር ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በዚሁ መኪና ላይ የደረሰ አንድ ነገር ብነግራችሁ ዘመኑ እንዴት እንደ ተለወጠ ይገለጥላችኋል። የኤቲ ባለቤቶች በሰሌዳው ላይ ያለው ክሪስታል በሶኬት የተቀመጠ መሆኑን አዩ። 12 ሜጋኸርዙን ነቅለው 16 ሲሰኩ መኪናው ከ6 ወደ 8 ሜጋኸርዝ ይሮጥላቸው ጀመር፤ ዋጋው የጥቂት ዶላር ነገር ነው። ጁን 10 ቀን 1985 የሚል ቀን በያዘው በሚቀጥለው ባዮስ ኩባንያው የፍጥነት ፈተና አስገባ። መኪናው ሲነሣ ከተፈቀደለት በላይ መፍጠኑን ካወቀ አልሠራም ብሎ ይቆማል።

ያን ጊዜ ሚስተር ኤስትሪጅ ከቦታው አልነበሩም። ማርች 1985 የክፍሉ ሥልጣን ከእጃቸው ወጥቶ፣ በዓለም ላይ ያሉትን የኩባንያውን ፋብሪካዎች የሚቆጣጠሩ ምክትል ፕሬዚዳንት ተብለው ተሾመው ነበር። በእርሳቸው ቦታ የገቡት ሐሳቡን መጀመሪያ ያቀረቡት ሚስተር ሎው ናቸው። ሹመቱ ዕድገት ነው ተባለ፤ ነገር ግን ከወለዱት ሥራ መለየታቸው ነበር። በኩባንያው ውስጥ ራሱን ችሎ እንደ ትንሽ መንግሥት ይሠራ የነበረው ክፍል ቀስ በቀስ ወደ ተለመደው የኮሚቴ ሥርዓት ተመለሰ።

ከአምስት ወር በኋላ፣ ኦገስት 2 ቀን 1985፣ ሚስተር ኤስትሪጅና ባለቤታቸው ከፎርት ሎደርዴል በዳላስ በኩል ወደ ሎስ አንጀለስ በሚሄደው የዴልታ አየር መንገድ አይሮፕላን ተሳፈሩ። የበረራው ቍጥር 191 ነበር። አይሮፕላኑ ወደ ማታ ላይ በዳላስ ፎርት ወርዝ ለማረፍ ዝቅ ሲል በነጐድጓድ ደመና ውስጥ ገባ፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ብርቱ ነፋስ ወደ ምድር ገፋው። ከ130 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በመካከላቸው ሚስተር ኤስትሪጅ፣ ወይዘሮ ሜሪ አንና ሌሎች የአይ.ቢ.ኤም. ሠራተኞች ነበሩ። ሚስተር ኤስትሪጅ አርባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ያን ዐይነት ነፋስ አስቀድሞ የሚያይ መሣሪያ በአይሮፕላኑ ላይ አልነበረም፤ ከአደጋው በኋላ ግን የአሜሪካ መንግሥት በመንገደኛ አይሮፕላኖች ላይ እንዲደረግ አዘዘ። የመጀመሪያ እንጀራቸውን ከራዳርና ከኮምፒዩተር ለበሉት ሰው ይህ እጅግ የሚያሳዝን ነው።

እርሳቸው ከሞቱ በኋላ የሆነውን ሳላነሣ ባልፍ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። በሴፕቴምበር 1986 ኮምፓክ 80386 የተባለውን አዲስ ፕሮሰሰር ከአይ.ቢ.ኤም. ቀድሞ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ አወጣ። አይ.ቢ.ኤም.ም በኤፕሪል 1987 ፒኤስ ሁለት የተባለውን አዲስ ዘር ሲያቀርብ የቀድሞውን በር ዘጋ። መሰኪያው ፈጽሞ አዲስ ሆነ፤ ያለፉትን ካርዶች አይቀበልም፤ ሌላ ፋብሪካ ሊሠራው ቢፈልግ ክፍያ ይጠየቃል። መሰኪያው በአሠራሩ ከቀድሞው የተሻለ እንደ ነበረ ባለሙያዎች ይመሰክራሉ። ሆኖም በ1988 ዘጠኝ ተፎካካሪ ኩባንያዎች ተሰብስበው የኤስትሪጅን ዘመን መሰኪያ ይዘን አሰፍተነው እንቀጥላለን አሉ፤ ገበያውም ከእነርሱ ጋር ሄደ። አይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር ሥራውን በ2005 ለቻይናው ለሌኖቮ ሸጦ ወጣ።

በዚህ መካከል የሰሌዳ ፋብሪካዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ የኤክስቲ ሣጥን አለ፤ ውስጡ ያለው ሰሌዳ ግን አርጅቷል። አይ.ቢ.ኤም. ራሱ በ1986 የኤቲን ፕሮሰሰር በኤክስቲ ሣጥን ውስጥ በሚገባ አነስ ያለ ሰሌዳ ላይ አድርጎ አወጣ። ይህ ልክ ቤቢ ኤቲ ተብሎ፣ በ1995 ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን ሌላ ልክ እስኪያወጣ ድረስና ከዚያም በኋላ ጥቂት ዓመት፣ የዓለም ሰሌዳ ልክ ሆኖ ቆየ። የቀዳዳዎቹ ቦታ፣ የቁልፍ ሰሌዳው መሰኪያ ያለበት ጥግ፣ የ0.8 ኢንቿ ርቀት ሁሉ ከኤክስቲ የተወረሱ ናቸው። ወዳጄ የሰካው ሰሌዳ ያለ ችግር የገጠመበት ምክንያት ይኸው ነበር። የ1981ዱ የመጀመሪያ መኪና ሣጥን ቢሆን ኖሮ መሰኪያዎቹ በአንድ ኢንች ስለሚራራቁ የሣጥኑን ጀርባ መቁረጥ ግድ ይሆን ነበር፤ ወዳጄ ደግሞ አሮጌ ነገር ላይ መጋዝ ማንሣት አይወድም።

የዚያን ቀን የተማርሁትን ለሚሞክር ሰው ልጨምር። አሮጌው ሰሌዳ አይጣልም፤ በካርቶን ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ዛሬ እርሱን የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከኀይል ሣጥኑ ወደ ሰሌዳው የሚመጡት ሁለት መሰኪያዎች መልካቸው አንድ ስለሆነ በቀላሉ ይቀያየራሉ፤ ተቀያይረው ከተሰኩ ሰሌዳውን ያቃጥሉታል። ስለዚህ የሁለቱም ጥቁር ሽቦዎች በመካከል ጎን ለጎን መገናኘት አለባቸው። አሮጌው የኤክስቲ የቁልፍ ሰሌዳ ራሱ ልክ ቢሆንም ቋንቋው ሌላ ስለሆነ ከአዲሱ ጋር አይግባባም፤ የኤቲ ዐይነት ይፈለግለታል። በአዲሱ ሰሌዳ ላይ የተበየደ የቈየ ባትሪ ካለ አስቀድሞ ይነሣ፤ ፈሳሹ መዳቡን ይበላዋልና። ሳይበራ ብዙ ዓመት የተቀመጠ መኪና እንዲሁ በድፍረት አይበራም፤ ታንታለም የተባሉት ትንንሽ ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንዳንድ ጊዜ ፈንድተው ይጨሳሉ።

በቦካ ራቶን ከተማ፣ ቀድሞ የአይ.ቢ.ኤም. በነበረው መሬት ላይ፣ በሚስተር ኤስትሪጅ ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት ይገኛል። በዚህ በእኛ ክፍል ግን ያን ቀን ስማቸውን የሚያውቅ አልነበረም። ወዳጄ ጥቁሩን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር አገናኝቶ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ማብሪያውን አነሣ። ማራገቢያው ጮኸ። በመስኮቱ ላይ ሰሌዳው ራሙን መቍጠር ጀመረ፤ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ስድስት መቶ አርባ ደርሶ አልቆመም፤ አራት ሺሕ አለፈ። ወዳጄ ከዚያ በኋላ ክዳኑን መልሶ ገፋና በፊት ለፊቱ ያለውን የአይ.ቢ.ኤም. ምልክት በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው።